ማን ወከለሽ? አሉኝ

የደረሰኝ ደብዳቤ ይሄ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 27 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ አንድ የሶፍትዌር ካምፓኒ ውስጥ ባክኤንድ ዴቨሎፐር ነኝ፣ ተጠቃሚው የማያየውን የኋላውን ኮድ ነው የምፅፈው፣ ከ11 ሰው ቲም ውስጥ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ለማርች 8 የሴቶች ቀን የፓናል ውይይት ላይ ተናገሪ ተባልኩና እሺ አልኩ፣ እውነቱን ለመናገር በጣም ነበር ደስ ያለኝ። ከዛ ፖስተሩ ወጣ። ፎቶዬን ለጥፈው ከስሩ "የሴት የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ድምፅ" ብለው ፅፈውበታል፣ እኔ እንደዛ በሉኝ አላልኩም። ማታ ሴቶቹ ያለንበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዷ ፖስተሩን ለጥፋ "ማን ወከለሽ?" አለችኝ። እኛው ጋ ቴስተር ናት፣ ሶፍትዌሩን የምትፈትሽ። ኮል ሴንተር የምትሰራ ሌላ ልጅ ደግሞ "እኛ ቴክ ውስጥ አይደለንም ማለት ነው?" አለች። በጣም ያመመኝ ግን የሶስተኛዋ ነው፣ አብረን ነው የተማርነው፣ "አንቺ ዘጠነኛ ክፍል እያለሽ አባትሽ ላፕቶፕ ገዝቶልሻል፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እስክደርስ ኮድ ደብተር ላይ ነው የምፅፈው የነበረው፣ የኔን ችግር ከየት አውቀሽው ነው የምታወሪው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ግን እኔም ቀላል አልሆነልኝም እኮ። ሌሊቱን ሳልተኛ ነው ያደርኩት። ልቅር ወይስ ልሂድ? አንድ ሰው ስለ ሴቶች ሁሉ መናገር ይችላል ወይ? ግራ የገባኝ ነኝ።»

የኔ እህት፣

መልሱን ቀድሜ ልንገርሽና ምክንያቱን በኋላ እናወራለን። ሂጂ፣ ፖስተሩን ግን አስቀይሪ። ሁለቱ አብረው ነው የሚሄዱት። ፖስተሩ እንዳለ ሆኖ ከሄድሽ ጓደኞችሽ ያሉሽ ነገር ልክ ይሆናል፣ ጭራሽ ከቀረሽ ደግሞ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፣ ምናልባትም ከናንተ ከአንዷም ጋር ቁጭ ብሎ አውርቶ የማያውቅ ሰው፣ እና የናንተ ነገር ዘንድሮም ሳይነሳ ያልፋል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ «እኔም ቀላል አልሆነልኝም እኮ» ያልሽው ጋ ስደርስ ሁሌ እቆማለሁ። አምንሻለሁ። ብቻሽን ሴት የሆንሽበት ቲም ውስጥ አንድ ወንድ ተሳስቶ ሰርቨር ቢያወርድ፣ ሲስተሙን ቢያቆመው ማለት ነው፣ ያወረደው እሱ ነው፣ አንቺ ብታወርጂ ግን ሴቶች ናቸው ያወረዱት። ጎበዝ ስትሆኚም ያው ነው፣ «ሴቶችም ይችላሉ» ይባላል እንጂ «እሷ ትችላለች» አይባልም። ሮዛቤት ሞስ ካንተር የምትባል አሜሪካዊት የሶሲዮሎጂ ምሁር አንድ ትልቅ ካምፓኒ ውስጥ ያሉ ጥቂት ሴቶችን አጥንታ እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመችው ነገር አለ፣ አንድ ቡድን ውስጥ የአንድ ወገን ሰዎች ከመቶ 15 ገደማ ወይም ከዛ በታች ሲሆኑ ሰው እነሱን በራሳቸው ማየት ያቆማል፣ የወገናቸው ናሙና አድርጎ ነው የሚያያቸው። አንቺ ከ11 አንድ ነሽ፣ ከመቶ ዘጠኝ ማለት ነው። ስለዚህ ፖስተሩን የሰሩት ልጆች ክፉ አስበው አይመስለኝም፣ በየቀኑ ሰው ሁሉ የሚያደርግብሽን ነገር ነው በትልቅ ፊደል የፃፉት።

ግን እህቴ፣ ሰው ሳይጠይቅሽ የሴት ሁሉ ተወካይ ሲያደርግሽ አንድ ነገር ነው፣ አንቺ እሺ ብለሽ ስትቀበዪው ሌላ ነገር ነው። እኔ አንድ ጊዜ ተቀብዬው ሰው ጎድቻለሁ፣ እሱን ልንገርሽ።

አንድ ባንክ ውስጥ አይቲ ክፍል ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ። ባንክ የሰራ ሰው ሲኦቢ የሚለውን ያውቀዋል፣ ቅርንጫፎች ከዘጉ በኋላ ሲስተሙ ቀኑን የሚዘጋበት ስራ ነው፣ የቀኑ ሂሳብ ይዘጋል ወለድ ይሰላል ባክአፕ ይወሰዳል፣ ጠዋት ቅርንጫፍ ሲከፈት ሁሉም ነገር ዝግጁ ሆኖ መገኘት አለበት፣ መሀል ላይ ቀጥ ካለ ደግሞ ያደረው ሰው ነው ተሯሩጦ የሚያስነሳው። በተራ ነበር የምናድረው፣ ላደረ ኦቨርታይም ይከፈለዋል። እኛ ክፍል ሴቶች አራት ነበርን። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ አለቃችን ስለ ሌሊት ተራ እያወራ «ሴቶቹስ ምን ትላላችሁ?» አለና ወደኔ ዞረ፣ በእድሜ ትልቋ እኔ ስለነበርኩ መሰለኝ፣ ሁሉም ሰው ወደኔ ዞረ። እኔ ያኔ ልጄ ገና ጡት አልጣለም፣ ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ስራ ጨርሼ ታክሲ ፍለጋ ጨለማ ውስጥ ስቆም የሚሰማኝን ፍርሃት እስካሁን አልረሳውም። «ለሴት ሌሊት ማደር ከባድ ነው» አልኩ። ለሴት ነው ያልኩት፣ ለእኔ አላልኩም። ሌሎቹ ሶስቱ ዝም አሉ፣ እኔ ደግሞ ዝምታቸውን እንደ እሺ ቆጠርኩት።

ወር ሳይሞላ ደብዳቤ ወጣ፣ ሴቶች ከሌሊት ተራ ወጥተዋል ተባለ። እኔ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ነው የተቀበልኩት። ከዛ በሁለተኛው ወር ይመስለኛል አንዷ የስራ ባልደረባዬ ሻይ እየጠጣሁ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ብዙ ሳትናገር የደሞዝ ወረቀቷን አሳየችኝ። ሁለት ወንድሞቿን የምታስተምረው በዛች ኦቨርታይም ነበር። ያ ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ ሲስተሙን በደንብ የምታውቂው ሌሊት ሲበላሽ አጠገቡ ከነበርሽ ነው፣ ቀን ቀን ማንም ሰው ኮር ባንኪንጉን፣ ዋናውን የባንኩን ሲስተም፣ ነክተሽ እንድትማሪበት አይፈቅድልሽም። በቀጣዩ ዓመት የሲኒየር ቦታ ሲወጣ «የሲኦቢ ልምድ ያለው» የሚል መስፈርት ገባበት። ሴቶቹ ሶስቱም ለውድድር እንኳን አልቀረቡም። ልጅቷ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? «ብትጠይቂኝ ኖሮ ቤት የሚያደርሰን ሰርቪስ መኪና ይመደብልን በዪ ነበር የምልሽ።» በቃ ይሄ ነው። አንድ መኪና። እኔም ብሆን የምፈልገው እሱን ነበር እኮ፣ ግን ማንንም ስላልጠየቅኩ ጭንቅላቴ ውስጥ እንኳን አልመጣም። ተሰብስበን ውሳኔው ይነሳልን ብለን ስንሄድ «ራሳችሁ አይደላችሁ እንዴ የጠየቃችሁት?» ነው የተባልነው። የኔን አንድ አረፍተ ነገር ነው መልሰው የሰጡን። ልጅቷ ስራውን ለቃ ሄደች፣ እኔ ከዛ በኋላ «ለሴት» የሚለውን ቃል ስብሰባ ላይ አፌ ውስጥ ሳላዞረው አላወጣውም።

የጓደኛሽ የላፕቶፑ ጥያቄ ከዚህ ጋር አንድ ነው። አንቺም እሷም ሴት ናችሁ፣ አንድ ክላስ ተምራችኋል፣ ያለፋችሁበት መንገድ ግን አንድ አይደለም፣ እና መሀሉን ወስደሽ «የሴቶች ችግር» ብለሽ ብታወሪ የምታወሪው የማናችሁም ያልሆነ ነገር ነው። ይሄን በቁጥር የሚያሳይ ስራ አለ፣ በኛ ሙያ ውስጥ ስለሆነ ደግሞ ሳትሰሚው አትቀሪም። ጆይ ቡኦላምዊኒ እና እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2018 ፊት አይተው ወንድ ሴት ብለው የሚለዩ የሶስት ካምፓኒ ሶፍትዌሮችን ፈተኑ። ፎቶዎቹ የፓርላማ አባላት ናቸው፣ ከሶስት የአፍሪካ እና ከሶስት የአውሮፓ አገር የተሰበሰቡ 1,270 ሰዎች። ሶፍትዌሮቹ በድምሩ ሲታዩ ጥሩ ናቸው፣ ከመቶ ከ88 እስከ 94 ያህሉን ያገኙታል። የአይቢኤሙን ብቻ ውሰጂና ተመልከቺው፣ ሴቶች ላይ የሚሳሳተው 20.3 በመቶ ነው። አሁን ሴቶቹን ለሁለት ክፈያቸው፣ ቆዳቸው ፈካ ያለ ሴቶች ላይ ስህተቱ 7.1 በመቶ ይሆናል፣ ቆዳቸው ጠቆር ያለ ሴቶች ላይ 34.7 በመቶ። 20.3 የሚባለው ቁጥር የማንንም ሴት ኑሮ አይገልፅም። የአንዷን ቡድን ችግር በሶስት እጥፍ ገደማ ያጋንነዋል፣ የሌላዋን ደግሞ ሸፍኖ ያልፋል፣ እና የሚሸፈነው ሁሌ የባሰባት ነው። እነዚህ ሁለት ተመራማሪዎች ያደረጉት ትልቁ ነገር ምንድነው ብትዪኝ «ሴቶች» የሚለውን ከፍተው የትኞቹ ሴቶች ብለው መጠየቃቸው ነው። ግሩፑ ላይ ጓደኞችሽ የጠየቁሽም እሱኑ ነው፣ ትንሽ ቆጣ ብለው።

ታዲያ አንድ ሰው ስለሌላ ሰው መናገር አይችልም ማለት ነው? አይደለም፣ ይችላል፣ እኛ አገር ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። ሽማግሌ ስትልኪ አስቢው። ልጅቷን ለልጃችን ብሎ የሚሄድ ሽማግሌ የራሱን አይናገርም፣ የላከውን ሰው ነው የሚናገረው፣ ግን ተልኳል። ማንም ሰው ጠዋት ተነስቶ ጋቢውን ለብሶ ሳይላክ ሰው ቤት አይሄድም። የተላከበትን ይናገራል፣ የተባለውን ይሰማል፣ ተመልሶ ለላኪው ይነግራል፣ የማያውቀው ነገር ከተጠየቀ «ይሄን ጠይቀን እንመለሳለን» ይላል፣ እንዲህ በማለቱ ደግሞ ማንም አይንቀውም። ወይ ደግሞ ውልና ማስረጃ ሄደሽ ውክልና ሰጥተሽ ወይም ተቀብለሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ፣ ጠቅላላ ውክልና አለ ልዩ ውክልና አለ። ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ኪራይ ይሰበስባል፣ ንብረት ያስተዳድራል፣ ቤቱን ግን መሸጥ አይችልም፣ ለዛ ለይቶ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል፣ የሰጠው ሰው ደግሞ በፈለገ ቀን መሻር ይችላል። አሜሪካ ያለ ወንድም በኤምባሲ በኩል ለእህቱ ውክልና ሲልክ ለምን ጉዳይ እንደሆነ አንድ በአንድ አስፅፎ ነው። ፖስተሩ ላይ የተፃፈው «የሴት የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ድምፅ» የሚለው እኮ ማንም ያልፈረመው ጠቅላላ ውክልና ነው። ልዩ ውክልና ግን ማግኘት ትችያለሽ፣ ከእነዚህ ሴቶች በዚህ ጉዳይ ላይ ይሄን በዪልን ተብዬ መጥቻለሁ ማለት ትችያለሽ፣ እና እሱ ከፖስተሩ በጣም የበለጠ ጉልበት አለው።

«ማን ወከለሽ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ከማን እንደመጣ እይ። ከጓደኞችሽ ሲመጣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ስማቸው ተነስቷል፣ የመጠየቅ መብት አላቸው፣ እንደ እድር አባል ዳኛውን እንደሚጠይቁት ማለት ነው። ያው ጥያቄ ከአለቃ ወይም ከኤችአር፣ ከሰው ኃይል ክፍል፣ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ አፍ ማዘጊያ ነው። ሰውዬው ስለ «ኢንዱስትሪው» አንድ ሰዓት ሲያወራ ማንም ማን ወከለህ አላለውም። አንቺ ስለ ወሊድ ፈቃድ ስታነሺ ሁሉም ሴቶች እንደዛ ይላሉ ወይ፣ ማስረጃሽ ምንድነው ይባላል። ለጓደኞችሽ መልስ የመስጠት እዳ አለብሽ፣ ለዚህኛው ሰው የለብሽም፣ «የራሴን ነው የምናገረው፣ የራሴ ብቻውን ይበቃል» በዪው።

ዝም ማለት ንፁህ ያደርገኛል ብለሽ ደግሞ እንዳታስቢ። እ.ኤ.አ. በ1946 ፊላደልፊያ ውስጥ ኢኒያክ የሚባለው ኮምፒውተር ለህዝብ ሲታይ ፕሮግራም ያደረጉት ስድስት ሴቶች ነበሩ፣ ያን ቀን ማሽኑ የሰራውንም ስሌት ያዘጋጁት እነሱ ናቸው፣ ማታ የክብር እራት ሲደረግ ግን አልተጠሩም። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ካቲ ክላይማን የምትባል ተማሪ የማሽኑ ፎቶ ላይ ያሉት ሴቶች እነማን ናቸው ብላ ስትጠይቅ ሞዴሎች ናቸው ነው የተባለችው፣ ፍሪጅ ማስታወቂያ ላይ ከፍሪጁ አጠገብ እንደሚያቆሟቸው አይነት፣ ማሽኑ እንዲያምር። ስድስት ሰው ከሙያው ታሪክ እንዲህ አድርጎ ይጠፋል፣ ማንም ክፉ ሳይናገር፣ ስለነሱ የሚናገር ሰው በመጥፋቱ ብቻ። እኔ ደስ የሚለኝ ክላይማን ከዛ በኋላ ያደረገችው ነው። እኔ ልናገርላቸው አላለችም፣ በህይወት ያሉትን ፈልጋ አገኘቻቸውና ራሳቸው ሲናገሩ ቀዳቻቸው። ቤቲ ሆልበርተን፣ ጂን ባርቲክ፣ እነዚህ ስሞች ዛሬ የሚታወቁት በራሳቸው አፍ ስላወሩ ነው። አንቺም ፓናሉ ላይ ከምትናገሪው ይልቅ ሌላ ሰው እንዲናገር የምትከፍቺው ቦታ ሊበልጥ ይችላል።

የራስሽን ታሪክ ብቻ ይዘሽ መሄድ ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽም እፈልጋለሁ። ሱዛን ፋውለር የምትባል ኢንጂነር ኡበር የሚባለው የታክሲ አፕ ካምፓኒ ውስጥ የገጠማትን የፆታ ትንኮሳ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ፃፈች፣ አለቃዋ ገና ከመጀመሪያው ምን እንዳላት፣ ኤችአር ሄዳ ስታመለክት ምን እንደተባለች፣ የፃፈችው ይሄንን ነው። የሴቶች ሁሉ ድምፅ ነኝ አላለችም። እኔ ላይ ይሄ ደረሰ፣ በዚህ ቀን ይሄን ተባልኩ፣ የቻቱን ስክሪንሹት ለኤችአር ሰጥቻለሁ፣ በቃ። ያንን ያነበቡ ሌሎች ሴቶች እኔም እኔም አሉ፣ በሰኔ ከ20 በላይ ሰራተኛ ተባረረ፣ ዋና ስራ አስኪያጁ ትራቪስ ካላኒክም ለቀቀ። ማንም «አንቺ ማን ወከለሽ» ብሎ ሊያስቆማት አልቻለም ምክንያቱም ማንንም ወክያለሁ አላለችም፣ የራሷን ነገር ደግሞ ከሷ በላይ የሚያውቀው የለም። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2018፣ የጉግል ሰራተኞች ወደ 20,000 ሆነው ከስራ ሲወጡም የያዙት ዝርዝር ጥያቄ ነበር፣ አንዱ የፆታ ጥቃት ክስን ፍርድ ቤት እንዳትወስጂ የሚያስገድደው የግልግል ውል ይቅር የሚል ነው፣ እሱን ካምፓኒው በሳምንቱ አነሳው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ለራሱ ሰራተኞች በሌሎች ክሶችም ላይ አነሳው። ግልፅ ጥያቄ ስለነበር መልስ አገኘ። «ሴቶች ይከበሩ» ቢሉ ኖሮ ሁሉም ያጨበጭብና ወደ ስራው ይመለስ ነበር።

እሺ፣ አሁን ምን ታደርጊያለሽ።

አዘጋጆቹ ጋ ደውዪና ከስምሽ ስር ስራሽን ብቻ እንዲፅፉ ጠይቂ፣ ባክኤንድ ዴቨሎፐር፣ ያንን ብቻ። እምቢ አይሉሽም፣ ፖስተር መቀየር አስር ደቂቃ ነው። እግረ መንገድሽን ኮል ሴንተር የምትሰራ ሴት ፓናሉ ላይ አለች ወይ ብለሽ ጠይቂ። ያቺ ልጅ ያለችው ነገር እኔን በጣም ነው የነካኝ፣ እውነት ነው እኮ፣ አንድ አፕ ሲበላሽ መጀመሪያ የምታውቀው እሷ ናት፣ ተጠቃሚው የሚሰድበው እሷን ነው፣ አንቺ ኮዱን ስታስተካክዪ የምታነቢውን ሪፖርት የምትፅፈው እሷ ናት፣ ከዛ ሴቶች በቴክ ሲባል እሷን የሚጠራት የለም። ቦታ የለም ካሉሽ ካለሽ ደቂቃ ላይ አምስቷን ስጫት፣ ሞደሬተሩን ቀድመሽ ካስፈቀድሽ ይቻላል፣ ሲደረግ አይቻለሁ።

ከዛ ሴቶቹን ጠይቂ። ግሩፑ ላይ «ሀሳብ ስጡኝ» ብለሽ አትለጥፊው፣ እንደዛ ከሆነ ደፋሮቹ ብቻ ናቸው የሚመልሱልሽ፣ እኔ ስብሰባ ላይ ሶስቱ ዝም ያሉኝን አስታውሺ። አንድ በአንድ፣ ምሳ ላይ፣ ወይ ስልክ ደውለሽ። ሶስት ነገር ጠይቂያቸው፦ ነገ ጠዋት አንድ ነገር ይቀየርልሽ ብትባዪ ምን ትያለሽ፣ እኔ እዛ ሄጄ ምን እንዳልናገር ትፈልጊያለሽ፣ ያልሽኝን ብናገረው ማን እንዳለው ይታወቅብሻል ወይ። ሁለተኛውን ጥያቄ ሰው አይጠይቅም፣ ግን ዋናው እሱ ነው፣ የኔ ባልደረባ ያኔ ብጠይቃት «ከሌሊት አውጡን እንዳትዪ» ትለኝ ነበር። ሶስተኛው ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ፣ አራት ሴት ብቻ ያለችበት መስሪያ ቤት ውስጥ «አንዲት ጓደኛዬ» ማለት ስሟን መጥራት ነው።

የሚሰጡሽ መልስ አንድ አይነት አይሆንም፣ አትደንግጪ። አንዷ ቅጥር ላይ ለሴት ኮታ ይኑር ትልሻለች፣ ሌላዋ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ «በአፈርማቲቭ ነው የገባሽው» መባል ሰልችቶኛል እንዳታነሺው ትልሻለች። ሁለቱም ሴት ናቸው፣ ሁለቱም ቴክ ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም የሚያወሩት ከቁስላቸው ነው። አንዱን መርጠሽ ሴቶች እንዲህ ይላሉ አትበዪ፣ ሁለቱንም እንዳለ አቅርቢው፣ «በዚህ ጉዳይ አልተስማማንም» ማለት ምንም ነውር የለውም፣ ወንዶቹም መቼ ተስማምተው ያውቃሉ። የተስማሙበትን ነገር ስታገኚ ግን አጥብቀሽ ያዢው፣ ምክንያቱም እሱ ነው ልዩ ውክልናሽ። ሰልፍ መውጣት አያስፈልግሽም፣ «ከዘጠኝ ሰው ጋር አውርቼ ሰባቱ የማታ ሰርቪስ ይፈልጋሉ» ማለት ከቻልሽ አለቆቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው እየሰሙ መልስ ሳይሰጡ መውጣት ይከብዳቸዋል።

ፓናሉ ላይ ሞደሬተሩ «የሴቶች ትልቁ ችግር ምንድነው?» ብሎ ይጠይቅሻል፣ መቶ በመቶ ይጠይቅሻል። ያኔ ትንፋሽ ውሰጂና የራስሽን ከሌላው ለይተሽ ተናገሪ። ይሄ የኔ ነው ብለሽ የራስሽን ተናገሪ፣ ላፕቶፑንም ጨምረሽ፣ አዎ፣ ዘጠነኛ ክፍል ላይ አባቴ ላፕቶፕ ገዝቶልኛል እሱ ብዙ ነገር አቅልሎልኛል በዪ፣ ይሄን ያልሽ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ላፕቶፕ ያልነበራት ልጅ አንቺን ማመን ትጀምራለች። ከዛ ይሄን ደግሞ ተልኬ ነው ብለሽ የተላክሽበትን ተናገሪ። የማታውቂውን ከጠየቀሽ ደግሞ እንደ ሽማግሌዎቹ ጠይቄ እመለሳለሁ በዪ። ስትመለሺ ምን እንዳልሽ፣ ማን ምን ቃል እንደገባ፣ ያን ቀን ማታ ግሩፑ ላይ ፃፊላቸው፣ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት።

አብረሽ የተማርሽው ልጅ ጋ ግን በስልክም በቴሌግራምም እንዳትጨርሺው፣ ሄደሽ አግኚያት። ማስረዳት አትጀምሪ፣ ለምን ቀላል እንዳልሆነልሽም አትንገሪያት፣ እሱ ሌላ ቀን ይደርሳል። ደብተር ላይ ኮድ መፃፍ እንዴት ነበር ብለሽ ጠይቂያት፣ ላብ ውስጥ ስንት ሰው አንድ ኮምፒውተር ላይ እንደምትቀመጡ፣ መብራት የጠፋ ቀን ምን እንደምታደርግ፣ ያኔ አጠገቧ ነበርሽ ግን ይሄን ጠይቀሻት የምታውቂ አይመስለኝም። ምናልባት ወንበሩ የሷ መሆን አለበት ብለሽ ትነሺ ይሆናል። ምናልባት እሷ ራሷ «ሂጂ፣ ይሄን ብቻ በዪልኝ» ትልሽ ይሆናል።

ለየካቲት 29 ብዙ ጊዜ የለሽም፣ ፖስተሩ በወረቀት ታትሞ በየቦታው ከተለጠፈ መቀየሩ ይከብዳል። አዘጋጆቹ ጋ ዛሬ ደውዪ፣ ልጅቷ ጋ ደግሞ ቅዳሜ ሂጂ። ምን እንዳለችሽ ፃፊልኝ።